የአንድ እራት ስምምነት

«አይ ጌታዬ፣ አድማ የሚባል ነገር የለም። የምግብ ዕቃው ባዶውን ነው የሚመለሰው። ነገ እንግዶቹ ሲመጡ እንደ ሰርግ ቤት ሲበሉ ያገኟቸዋል።»

ወስፌ ይህን የሰማችው ጠዋት፣ ከእስር ቤቱ በር አጠገብ፣ ከአለቃው ቢሮ መስኮት ሥር ቆማ የትናንቱን ምሳ ዕቃ ስትረከብ ነው። መስኮቱ ለሷ ብሎ አልተከፈተም። ነገ ከሩቅ ይመጣሉ ለተባሉት የእስረኛ አያያዝ ታዛቢዎች በሩን አዲስ ቀለም እየቀቡት ስለነበር ሽታው አለቃውን አስሎት ነው የከፈተው። ሰውየው ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሀል አጣብቆ ሻዩን እያማሰለ ይዋሻል። ሰው ሲዋሽ እንኳ ሥራዬ ብሎ ቢዋሽ ምን አለበት፤ ይሄ ግን ከስኳሩ ጋር አብሮ እያሟሟ ነበር። ወስፌ የተረከበችውን ዕቃ በእጇ መዘነችው። ከብዷታል። ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ጎንና ጎኑ በሽቦ የሚታሰር። ላይኛው ጨው የማይገባበት የወንድሟ ነው፣ መሀለኛው የልጇ፣ ታችኛው የአማቿ። ሦስቱም የታሰሩት አንድ ክፍል፣ ስድስት ቁጥር ነው። ዕቃውን የሚመልሰው ወሬኛው ዘበኛ ሦስቱን ፈትቶ የማየት ሥራ የለበትም፤ ታችኛውን በጣቱ አንኳኩቶ ባዶ ድምፅ ከሰጠው «ስድስት ቁጥር በልቷል» ብሎ ያልፋል። ወስፌ ግን የራሷን ዕቃ ታውቃለች። የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀመጠችና ሽቦውን ፈታች። ላይኛው ቆንጠር ቆንጠር ተደርጎ ተትቷል። ታችኛው የታጠበ እስኪመስል ተልሷል። መሀለኛው እንደላከችው ነው፤ ሩዙ ላይ ለጌጥ ያስቀመጠቻት የካሮት ቁራጭ እንኳ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው፤ እውነቱ ይነገር። ወስፌ መተዳደሪያዋ ፍራሽ መስፋት ነው። ሰፈሩ እማማ ወስፌ ያላት ፍራሽ በምትወጋበት ረጅም ወስፌ ይሁን በምላሷ እስከ ዛሬ አልተለየም። ጥጥ ስታባዝት ዕድሜዋን ጨርሳለች፣ የምትኮራው ግን በፍራሹ አይደለም፣ በድስቷ ነው። ከቤቷ ምግብ ተመልሶ አያውቅም። ልጄ ምን ቀረብኝ ብሎ ነው የኔን እጅ የሚመልሰው አለችና ልትነሳ ስትል የአለቃው ቃል ተመልሶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። አድማ የሚባል ነገር የለም። አለ እንጂ፤ ይኸው ጭኗ ላይ ተቀምጧል።

እሑድ ለጥየቃ ስትገባ ወንድሟን አይታዋለች። ደግፈው ነው ያወጡት። እግሩ ከማበጡ የተነሳ ነጠላ ጫማው ጎኑ ተተርትሯል፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ያርፋል። «እታለም፣ ደህና ነኝ» አላት። ደህና የሚለውና ነኝ የሚለው መሀል አንድ ሰው ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይችላል። ኩላሊቱ ነው። ሐኪም ይየው ሲባል አለቃው እየቀለደ «እዚህ መጥቶ ነው የወፈረው» ይላል። ይህ ወንድሟ አታሚ ነው። የታሰረው ለሁለት ወገን በማተሙ ነው፤ ለነባሮቹም ለአዲሶቹም። ነባሮቹና አዲሶቹ ድሮ አንድ ፓርቲ ነበሩ። ተጣልተው ለሁለት ተከፈሉ፣ መንግሥትም ሁለቱንም በአንድ ቀን ከለከለና ጠቡ መሀላቸው ቀረ። ፖሊስ ማተሚያ ቤቱን ሰብሮ ሲገባ የሁለቱም ወረቀት ጎን ለጎን አንድ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ቀለሙ ሲደርቅ አገኘው። ልጇ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከነባሮቹ ነው፤ አማቿ አስተማሪው ከአዲሶቹ። ሦስቱም አንድ ክፍል ሲገቡ ሁለቱ ጎረምሶች መታሰራቸውን ትተው «አንተ ለእነሱም ታትም ነበር?» ብለው አታሚው ላይ ተነሱ። እሱም «የሁለታችሁም ወረቀት አንድ ዓይነት ነው፣ ማንበብ ስለሰለቸኝ ነው ያልነገርኳችሁ» ብሎ ተኛ አሉ።

ወስፌ ቤቷ ስትደርስ ሴቶቹ ሁለቱም አሉ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የጥጥና የፍራሽ ነው፣ የውስጠኛው በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ፤ በአንዱ ወገን ልጇ የአስተማሪው ሚስት፣ በሌላው ምራቷ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሚስት ይተኛሉ። ባሎቻቸው ሲታሰሩ የቤት ኪራይ ጣራ ስለነካ ነው ሁለቱም ጓዛቸውን ይዘው የመጡት። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምድጃ፣ የየራሳቸው ሽንኩርት፣ የየራሳቸው የልብስ ማስጫ ገመድ አላቸው። በሩን ዝጊው፣ ውኃ መጥቷል፣ ከዚህ ያለፈ ቃል አይለዋወጡም። ክፉ ሆነው አይደለም። የባሎቻቸውን ኩርፊያ አደራ እንደተባለ ዕቃ ተቀብለው፣ እነሱ እስኪመጡ እንዳይሰበር የሚጠብቁት ይመስላሉ። ወስፌ ምሳ ዕቃውን በሁለቱ መሀል ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ያንቺ ባል ለምን አይበላም?» አለች ምራቷን።

«አድማ ላይ ናቸው፣ እማማ። የኛዎቹ በሙሉ። ዛሬ ከሰዓት ያበቃል።»

«ለማን ብለው?»

«ለአጎታችን ነዋ። ሆስፒታል ይውሰዱት ብለው።»

ወደ ልጇ ዞረች። «ያንቺስ ለምን ይበላል?»

«የኛዎቹ አድማ የሚጀምረው ሰኞ ነው፣ እማ።»

«እናንተስ ለማን ብላችሁ?»

ልጅቷ መልሱን ከመናገሯ በፊት ሰማችው መሰለኝ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። «ለአጎቴ» አለች ቀስ ብላ።

ውጭ የጎረቤት ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። ወስፌ ብዙ ሞኝነት አይታለች፣ ከሞኝ ጋርም ኖራለች፣ ነፍሱን ይማረውና። እንዲህ ያለውን ግን አላየችም። አንድ የታመመ ሰው ለማዳን አንዱ ሲጾም ሌላው ይበላል፤ የሚበላው ሊጾም ሲነሳ የጾመው ይበላል፤ ዘበኛው ደግሞ የበላውን ብቻ አንኳኩቶ ይጽፋል። ለምን አንድ ላይ አላደረጋችሁትም ስትላቸው የሚሰጡት ምክንያትም ጉድ ነው። አንድ ላይ ሊያደርጉት ሞክረው ነበር፤ መግለጫው ላይ የማን ስም ይቅደም በሚለው ተለያዩ።

«ውስጥ ያሉት ልጆችስ ራሳቸው መስማማት ያቅታቸዋል? አንድ ክፍል ውስጥ አይደሉም እንዴ?»

«ውጭ ያሉት ሳይሉ አያደርጉትማ» አለች ምራቷ። «ዲሲፕሊን ነው።»

«ዲሲፕሊናችሁ ወንድሜን ሊቀብርልኝ ነው» አለች ወስፌ። ከአልጋዋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች። ልጇ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ የአጎቷ ቆዳ ጫማ ነው። እስር ቤት የገባ ሰው ማሰሪያ ያለው ጫማውን አስረክቦ በነጠላ ጫማ ነው የሚገባው፤ ጫማው ለቤተሰብ ይመለሳል። ተመልሶ የሚጠየቀው ሰውየው በዚያ በር ሲወጣ ብቻ ነው፣ ለፍርድ ቤት፣ ለሐኪም፣ ወይም ወደ ቤቱ። ወስፌ ያንን ጫማ በየሳምንቱ ቀለም ትቀባዋለች፣ ምግብ ይዛ እስር ቤት በሄደችም ቁጥር ትሸከመዋለች።

«ዛሬም ልትሸከሚው ነው፣ እማ?»

«በአንቺ እጅ ነው እንዴ የምሸከመው?» ብላ ወጣች።

ነባሮቹን ውጭ ሆኖ የሚመራቸው መድኃኒት ሻጩ ነው። ይህ ትልቅ ምስጢር ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ምስጢር መሆኑን ስለሚያውቅ አንስቶት አያውቅም። ቀጭን፣ ጥንቁቅ ሰው ነው፣ ደህና አደሩ ሲል እንኳ ዜና የሚያነብ ይመስላል። ወስፌ ስትገባ አንዲት ሴት የሳል ሽሮፕ ዋጋ ጠይቃ «ከሳሉ እሱ ይብሳል» እያለች ትከራከረዋለች። ወስፌ ሴትየዋ እስክትወጣ መደርደሪያውን ስታይ ቆየች፣ ከዚያ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብላ የሰማችውን ሁሉ፣ ስልኩንም፣ ካሮቷንም፣ ሰኞንም ነገረችው። ሰውየው ሲያዳምጥ የመድኃኒት ሣጥኖቹን በቁመታቸው ይደረድራል።

«እማማ፣ እዚህ መምጣት አልነበረብዎትም።»

«ለእግር እብጠት መድኃኒት ልገዛ ነው የመጣሁት። አለህ?»

«ለሱ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።»

«ይኸው አወቅከው። ተነስ፣ ልብስ ሰፊዋ ጋ እንሂድ።»

ሣጥን መደርደሩን አቆመ። ልብስ ሰፊዋ የአዲሶቹ መሪ ናት፤ ያቺም እንደሱ ምስጢር ናት። «ከእሷ ጋር አልቀመጥም» አለ። «አንድ በነበርን ጊዜ ሁላችንንም አንድ ላይ አሰሩን። የእሷዎቹ ከመንግሥት ጋር ተነጋግረው የራሳቸውን ሰዎች አስፈቱ። ወንድሜ እዚያው ቀረ። ሁለት ክረምት። እናቴ በር በሩን ስታይ ነው ዓይኗ የደከመው። እንዴት አድርጌ ነው የምረሳው?»

ወስፌ የሰውየውን እናት ታውቃታለች፤ ፍራሽ ሰፍታላታለች፣ የዚያን ሰሞን እንባዋን ጥጡ ላይ ስታፈስም አይታታለች።

«ወንድምህ ወጣ አይደል?» አለችው።

«ወጣ።»

«በእግሩ?»

«በእግሩ።»

«የኔ በእግሩ መቆም አቅቶታል።»

ሰውየው ነጭ ጋዎኑን ለማውለቅ ጊዜ ወሰደበት። ወስፌ ወደ ታች አየችና «ሱሪህ ረዝሟል» አለችው፤ «ማንም ቢጠይቅህ ልታሳጥር ነው የሄድከው።»

የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ከፖሊሶቹ ማረፊያ ትይዩ ናት። ብዙዎች ይህን እንደ ድፍረት ያዩታል፣ እሷ ግን ኪራዩ ስለሚረክስ ነው ትላለች። ወፈር ያለች፣ ሳቂታ፣ አንገቷ ላይ ሜትር የማይለያት ሴት ናት። መድኃኒት ሻጩ ከወስፌ ኋላ ሲገባ ባየችው ጊዜ ሳቋ እንደ ክር ተበጠሰ። እነዚህ ሁለቱ አንተ አንቺ ተባብለው በአንድ ሰሃን የበሉ ሰዎች ናቸው። አሁን ግን «ምን ልታዘዝ፣ ጌታው?» አለችው። እሱም «ሱሪ ነበር፣ እመቤት» አለ። ወስፌ ይሄን ስትሰማ ሰው እንዲህ በአክብሮት መሰዳደብ መቻሉ አስገረማት። ሰውየው በርጩማ ላይ ወጣ፣ ሴትየዋ እግሩ ሥር ተንበርክካ ሱሪውን በስፒል መያዝ ጀመረች፣ ወስፌም የጨርቅ ቁራጭ ከረጢት ላይ ተቀምጣ ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ደገመችው።

«መግለጫ እኛ አዘጋጅተን ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ በአፏ ስፒል እንደያዘች። «እሳቸው ናቸው የመለሱት።»

«ስማችን ከታች ስለተጻፈ ነው።»

«በሙሉ ስማችን ፊደል ቅደም ተከተል ነው የተጻፈው።»

«ፊደሉን ማን መረጠው?»

በዚህ መሀል ከማዶ አንድ ፖሊስ መንገዱን አቋርጦ ገባ። በርጩማው ላይ ያለው ሰውዬ ትንፋሹን ያዘ፤ ተይዞ የሚያውቅ ሰው አያያዙ ያስታውቃል። ፖሊሱ የቁልፍ ቦታው የተቀደደ ጃኬቱን ይዞ ነው የመጣው። «ለነገ እንግዳ አለብን፣ እኅቴ፣ ቶሎ በይልኝ» አለ። ወስፌ ኮሌታውን አየችና «መጀመሪያ ብታጥበው አይሻልም? ክሩ ራሱ ይጸየፈዋል» አለችው። ፖሊሱ አፍሮ ጃኬቱን ጥሎ ወጣ። እግሩ መንገዱን እስኪሻገር ጠበቁ። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ በስፒሉ የራሷን ጣት መውጋቷን መድኃኒት ሻጩ ከላይ ሆኖ አየ፤ እሱም የሱሪ ኪሱን ጨምድዶ መያዙን እሷ ከታች ሆና አየች።

«ከሃዲ ብላችሁ ስም አወጣችሁልኝ» አለች እሷ፣ አሁን ቀና ሳትል። «እሺ፣ እሱ ይሁን። እናቴ ስትሞት ግን አንድ ሰው ከናንተ አልመጣም። አንድ ሰው። በእጇ ያላበላችው ከናንተ መሀል ማን ነበር?»

ሰውየው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ያላለቀ ቀሚስ ያይ ነበር። «ልመጣ ነበር» አለ። «ከለከሉኝ።»

«ማን ነው የከለከለህ?»

«ሊቀመንበሩ።»

«ሊቀመንበሩ አንተ አልነበርክም እንዴ?»

«ነበርኩ» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ወስፌ እዚህ ላይ ካልገባች እስኪመሽ ሲላቀሱ እንደሚውሉ ስለገባት ከከረጢቱ ላይ ተነሳች። «ታረቁ አላልኳችሁም» አለች። «መታረቁ የናንተ ጉዳይ ነው፣ ስትፈልጉ ዕድሜ ልካችሁን ተኳረፉ። እኔ የምለምነው አንድ እራት ነው። የዛሬን እራት ሁሉም ይመልሱት። ነገ እነዚያ እንግዶች ሳይገቡ የእስር ቤቱ አለቃ ዛሬ ማታ መጨነቅ አለበት። መግለጫ የለም፣ ስም የለም፣ ማን ቀደመ የለም። ነገ ጠዋት ቁርሳችሁን በልታችሁ ጠባችሁን ካቆማችሁበት ቀጥሉ።»

«አንድ እራት ብቻ» አለ መድኃኒት ሻጩ፣ የመድኃኒት መጠን እንደሚነግር ሰው።

«አንድ እራት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ግን እንዴት አድርገን ነው ወደ ውስጥ የምንነግራቸው? በወረቀት አይሆንም። ሁሉን ይፈትሻሉ።»

«የውስጡን ለኔ ተዉት። እናንተ ምግብ ለሚያደርሱት ሴቶች ንገሩ፣ አንተ ለራስህ አንቺም ለራስሽ። ምሳ ይዘው ሲመጡ ምግብ ማስረከቢያው መስኮት ላይ እኔ የምለውን ሰምተው እንደዚያው ይበሉ። ውስጥ ያሉት ከነባሮቹም ከአዲሶቹም ሚስት አንድ ቃል ሲመጣላቸው ስምምነት መሆኑ ይገባቸዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁማ።»

መድኃኒት ሻጩ ከበርጩማው ወርዶ ሱሪው ተሰፍቶ ሲለብሰው ቁርጭምጭሚቱ ሙሉ በሙሉ ውጭ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ አንዴ ሱሪውን አንዴ መቀሷን አየች። ስለ እናቷ ስትናገር ነው የቆረጠችው። «ይቅርታ፣ እመልስልሃለሁ» አለችው። «ተይው፣ ነፋስ ይገባዋል» አለና ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ።

እኩለ ቀን ላይ እስር ቤቱ በር እንደ ወትሮው ሁለት ሰልፍ ነበር። የነባሮቹ ሴቶች በአጥሩ በኩል፣ የአዲሶቹ በዛፉ ጥላ በኩል ይቆማሉ፤ ማንም ቁሙ ያላቸው የለም። ወስፌ የሁለቱም ስለሆነች መሀል ላይ ነው የምትቆመው፣ ፀሐዩ ላይ። ምግብ ያስረከበች ሁሉ አንድ አጭር መልእክት በቃል መላክ ይፈቀድላታል፤ ደህና ነን፣ ልጁ ጥርስ አበቀለ፣ የመሳሰለውን። ወሬኛው ዘበኛ ይህን ሥራ ይወደዋል፤ ከክፍል ክፍል እየዞረ ድምፁን እየለዋወጠ ያደርሰዋል። ወስፌ ቀድማ መስኮቱ ላይ ደረሰችና ከኋላዋ እስከ ዛፉ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«ለስድስት ቁጥር እንዲህ በልልኝ። ወንድሜ ምሳውን ጥርግ አድርጎ ይብላ። እራቴን ግን ማንም እንዳይነካው። የነካ ልጄም አይደለም፣ አማቼም አይደለም፣ ወንድሜም አይደለም። እንደሞላ ይመልሱልኝ፣ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

«ኧረ እማማ፣ ምን አጠፉ?»

«ትናንት አንዱ ተልሶ አንዱ ሳይነካ መጣልኝ። ሙያዬን ያላከበረ ሰው እራቴን አይቀምስም።»

«ለማይበሉት ነው ታዲያ የሚያበስሉት?»

«ሽታውን ያሽትቱት።»

ዘበኛው እየሳቀ ሄደ። ሲመለስ ከአጥሩ በኩል አንዲት አጭር ሴት ቆማለች። «ለሁለት ቁጥር፣ ከእራቴ ላይ እጁን ያንሳ በለው» አለች። ቀጥሎ ከዛፉ በኩል አንዲት ነፍሰ ጡር መጣች፤ «ለአራት ቁጥር። እራቴን አይንካ፣ ምክንያቱን እሱ ያውቀዋል።» ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። አንዷ እንዲያውም ነገሩ ጥሟት የቆየ ቂሟን ሁሉ ጨመረችበት፤ አማቷን፣ የጠፋ ቀለበቷን፣ የጎረቤት ሠርግ ላይ የሆነውን ነገር። ዘበኛው ላቡን እየጠረገ «ዛሬ ሴቶቹን ምን ነካቸው፣ በዚህ ሙቀት ነው» ይል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወስፌ ያበሰለችውን ያህል ለማንም ሰርግ አላበሰለችም። ምስሩን በነጭ ሽንኩርት፣ ሩዙን አንድ በአንድ እንዲቆጠር አድርጋ፣ ድንቹን ወርቅ አስመስላ፣ በሦስቱም ዕቃ ላይ አንዳንድ የካሮት ቁራጭ ለጌጥ አስቀምጣ። ምራቷ «እማማ፣ እንደማይበሉት እያወቁ?» ብትላት «ተራ ምግብ መመለስማ ማን ያቅተዋል?» አለቻት። ቆይታ ቀና ስትል ሁለቱ ሴቶች መጋረጃውን ወደ ጎን ገፍተው በአንድ ጣውላ ላይ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ሁለቱም ያለቅሳሉ፣ ሽንኩርት ነው ይባላል። ወስፌ እንዳላየች ሆነች። ያስጨነቃት ሌላ ነው። ልጇና አማቿ መልእክቱን ሰምተው እንደገና ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ አንዱ እሺ ካለ ሌላው ያንን ብቻ በቂ ምክንያት አድርጎ ሊበላ ይችላል። የታችኛው ዕቃ አንድ ጊዜ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወንድሟ የነገን ሌሊት ስለማደሩ እርግጠኛ አይደለችም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዕቃው ሁሉ ገባ። ወትሮ ሴቶቹ እራት አስረክበው ይሄዳሉ፣ ዕቃውን ጠዋት ነው የሚወስዱት። ዛሬ ግን አንዷም አልሄደችም። የበሩ አዲስ ቀለም ላይ እንዳይደገፉ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ሥር ተደርድረው ቆሙ። መድኃኒት ሻጩ በወዲያኛው መንገድ ላይ ቁርጭምጭሚቱን ለነፋስ ሰጥቶ ጋዜጣ ያነብባል፤ ከሱ ትንሽ ራቅ ብላ ልብስ ሰፊዋ የፖሊሱን ጃኬት ታቅፋለች። ብዙ ጠበቁ። ከዚያ ከውስጥ የጋሪ ድምፅ ተሰማ። ወትሮ ጋሪው ድንጋይ ለመጫን ነው የሚወጣው። ወሬኛው ዘበኛ ጎብጦ እየገፋ ወጣ፣ ጋሪው ላይ ምሳ ዕቃው ሁሉ ተከምሯል፣ እንደሞላ። ዛሬ ማንኳኳት አላስፈለገውም። የወስፌን ሲያነሳ እጁ ወደ ታች ሄደ። «እንዳሉት ነው፣ እማማ» አላት፣ አሁን አይስቅም። «ሁሉም ክፍል። ሁሉም።»

ወስፌ ሽቦውን ፈታች። ታችኛው ሙሉ ነው። መሀለኛው ሙሉ ነው። ላይኛውም ሙሉ ነው፣ ካሮቷ ብቻ የለችም። ወንድሟ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ምንም ዓይነት ዓላማ ቢኖረው ካሮት ማለፍ አይችልም። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለሰ ምግቧን ታቅፋ ኩራት ተሰማት። የአለቃው ቢሮ መብራት በራ፣ መስኮቱም በሩም ተዘጋ፣ ስልኩ ግን ግድግዳውን አልፎ ይሰማል፤ አሁን ሻይ የሚያማስል ሰው ድምፅ አይደለም። ሴቶቹ መጠበቁ ሲረዝምባቸው አጥሩ ሥር ቁጭ አሉ። አንዷ ዕቃዋን ከፈተች፣ ሌላዋም ከፈተች፣ «እስኪ ያንቺን ልቅመስ» ተባለ፣ የአጥሩም የዛፉም ወገን ተደባለቀ። የወስፌን ድንች የቀመሰች ሁሉ ውስጥ ላሉት ወንዶች ከልቧ አዘነች።

ሰማዩ ሲደበዝዝ ትንሿ በር ተከፈተችና ዘበኛው ብቅ አለ። «የአታሚው ሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ወስፌ።

«ጫማውን አምጡለት ተብሏል። ሆስፒታል ይሄዳል። ሮጥ ብለው ከቤት...»

ወስፌ ዘንቢሏን ሳበች። ጨርቁን ስትፈታው ጫማው በበሩ አምፖል ብርሃን አብለጨለጨ። ከምራቷ ጋር አብራት የመጣችው ልጇ በቁሟ ማልቀስ ጀመረች፤ ምራቷ ሻርፗን አውጥታ አቀበለቻት። ዘበኛው ጫማውን ተቀብሎ ገባ። ከውስጥ አንድ መኪና ሞተሩን አስነስቶ በሩ ድረስ መጣ፣ ትልቁ በር ተከፈተ፣ አዲሱ ቀለም ያልደረቀ ስለነበር እየተላቀቀ ጮኸ። ወንድሟ በሁለት ሰው መሀል ተደግፎ መጣ፣ በአንድ በኩል ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ በሌላው አስተማሪው። «ወደ እኔ አስጠጋው» ይላል አንዱ፤ «እኔ ይዤዋለሁ፣ አንተ አትጎትተው» ይላል ሌላው። አታሚው በመሀላቸው እንደ ሕፃን እግሩን እየጎተተ ፈገግ ብሏል። ወስፌ ወደ እግሩ አየች። የቀኙ ጫማ በግራ እግሩ፣ የግራው በቀኝ እግሩ ነው። እየተላፉ አንዳንድ ጫማ ነጥቀው፣ እያንዳንዳቸው በያዙት እግር ላይ ነው ያደረጉለት።

«ጫማውን ማነው ያደረገለት?» አለች።

«እኔ» አሉ ሁለቱም እኩል። እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ ወደ ታች አዩ።

«ተያቸው፣ እታለም» አለ ወንድሟ፣ በመሀል እያረፈ። «ተስማምተው ያደረጉት... የመጀመሪያው ነገር ነው።»

ወስፌ ግን ተንበረከከች። ማሰሪያውን ፈትታ አንዱን አወለቀች፣ ሌላውንም አወለቀች፣ ያበጠውን እግሩን አንድ በአንድ ጭኗ ላይ አድርጋ በየቦታው መለሰችለት። እግሩ እንደልብ ስለማይገባ ማሰሪያውን ሳታጠብቅ እንደላላ ተወችው። ዘበኛው የመኪናውን በር ይዞ ቆሞ ጠበቃት።